ጌም በወጣ ቀን ሰርቨሩ ቢወድቅ ከነጥቡ ላይ ይቀነስ?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን። በአማርኛ የጌም ግምገማ እየሠራን ከ10 ነጥብ እንሰጣለን። በቅርቡ አንድ ጌም በወጣ ቀን ገዝተን ሁለት ቀን ሙሉ አላስገባ አለን፤ 4 ሰጠነው። በሳምንቱ ሰርቨሩ ተስተካከለና ጌሙ ቆንጆ ሆኖ አገኘነው። አሁን ተከታታዮቻችን ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ ‹የገመገማችሁት ኢንተርኔታችሁን ነው፣ ነጥቡን አስተካክሉ› ይላል፤ ግማሹ ‹ገንዘቡን ከፍሎ ደጅ ለቀረ ሰው 4 ራሱ በዛ› ይላል። የሰርቨር ችግር ነጥብ ውስጥ መግባት አለበት?»

ምላሽ፦

መግባት አለበት። የሚለካው ግን ሰርቨሩ (ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘው የሠሪው ማሽን) ሲወድቅ ከጌሙ ምን ያህሉን ይዞ እንደወደቀ ነው። ብቻውን ከተማ ሊገነባ ወይም ብቻውን ታሪኩን ሊጫወት የተቀመጠ ሰው በሰርቨር ምክንያት ከደጅ ከተመለሰ፣ ይህ ሠሪው ጌሙን ገና ሲነድፍ የወሰነው ነገር ውጤት ነው። ሰርቨሩ በሳምንቱ ቢስተካከልም ውሳኔው እዚያው ጌሙ ውስጥ ተቀምጧል። ያለ ሌላ ሰው ትርጉም የሌለው ጌም ከሆነ ደግሞ በሁለተኛው ቀን ነጥብ መስጠት ችኮላ ነው። ጌሙን በስም ስላልጠቀሳችሁ ስለ 4ቱ በሁለቱም በኩል መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን «የገመገማችሁት ኢንተርኔታችሁን ነው» ያላችሁን ሰው አታቃልሉት። ከባሕር ዳር ሆኖ ለሚገመግም ሰው ከባዱ ጥያቄ የእሱ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን የሚያስታውስ ተከታታይ «አልገባ አለን» ሲባል መጀመሪያ መስመሩን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ርቀቱም አለ። ከኢትዮጵያ የሚገባ ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚመደበው አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ወዳለ ሰርቨር ነው። ከባሕር ዳር ፍራንክፈርት በአየር 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ብቻ፣ ምንም ሳያቆመው፣ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በጎረቤት አገር ወጥቶ፣ በባሕር ሥር ዞሮ ነው የሚደርስ። ስለዚህ ከ100 በላይ የሆነ ፒንግ (የደርሶ መልሱን ሚሊሰከንድ) ስታዩ የጌሙ ሠሪ ጥፋት አድርጋችሁ አትጻፉ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙና ራሱን ራውተሩን 100 ጊዜ ፒንግ አድርጉ፤ አድራሻው በብዙዎቹ ላይ 192.168.1.1 ነው። አንድ ሁለት ሚሊሰከንድ መሆን አለበት፣ አንድም መጥፋት የለበትም። እዚህ ላይ የሚጠፋ ካለ ችግሩ ገና ከቤት አልወጣም፤ ኬብሉን ቀይሩ፣ የራውተሩን ቻርጀር እዩ፤ ኃይሉ የተዛባ ቻርጀር ራውተሩን እያጠፋ ያስነሳዋል። ቀጥሎ የጉግል አድራሻ የሆነውን 8.8.8.8ን 100 ጊዜ። እዚህ የምታዩት የቁጥሩን ትልቅነት ሳይሆን መዋዠቁን ነው፦ ሁሌም 120 የሚል መስመር ለብዙ ጌም ይሆናል፤ አንዴ 90 አንዴ 400 የሚል፣ ከ100ው ሦስት አራቱን የሚጥል መስመር ግን ማንኛውንም ሰርቨር የወደቀ ያስመስለዋል። ከዚያ ሌላ የቆየ ኦንላይን ጌም ክፈቱ። እሱ ከሠራ፣ የመጨረሻውን ማረጋገጫ ከሌላ ድርጅት መስመር ውሰዱ፤ የቤቱ ኢንተርኔት ከአንዱ ከሆነ የስልክ ሆትስፖቱ ከሌላው ይሁን። በሁለቱም መስመር ያው የስህተት ቁጥር ከመጣ በድፍረት ጻፉት። መብራት ሰፈሩን ለቆ በሄደበት ሰዓት የተደረገ ሙከራ ግን አይቆጠር። ያን ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ ሞባይል ዳታ ላይ ይወጣል፣ ማማው ራሱ በባትሪ ነው።

የስህተት ቁጥሩ ብቻውን ምስክር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የፋይናል ፋንታሲ 14 ማስፋፊያ ሲወጣ ሰው ሁሉ ያየው «ስህተት 2002»ን ነበር። አንዱ ምክንያት በአንድ የዳታ ማዕከል መግቢያ የሚጠብቀው ሰው 17,000 ሲያልፍ ወረፋው ተጨማሪ ስለማይቀበል ነው፤ ይህ የእነሱ ነው። ሌላው ምክንያት ግን በረዥሙ ጥበቃ መሐል የተጫዋቹ የራሱ መስመር ለአፍታ ሲቆራረጥ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ጥፋተኛው ሁለት።

አሁን ወደ ሰርቨሩ። «ሰርቨር ወደቀ» ሲባል ሰው የሚያስበው ጨዋታው የሚካሄድበትን ማሽን ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ ከክላውድ በደቂቃዎች ውስጥ ተጨማሪ ይከራያል። የሚታነቀው መግቢያው ነው። አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ሳይከፈት በፊት ከተማውም ዓባይ ማዶም መንገዱ ክፍት ሆኖ የድሮው ድልድይ አፍ ላይ መኪና ሲከማች አስቡት፤ የጌም መግቢያም እንዲያ ነው። ማንነትን የሚያረጋግጠው ክፍል፣ ተጫዋቾችን የሚያገናኘው ክፍል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው ዕቃና ደረጃ የሚይዘው ዳታቤዝ አለ። ዳታቤዙ እንደ ሌላው ማሽን ዝም ብሎ አይባዛም፤ የአንድ ሰው ሒሳብ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ከተጻፈ ዕቃው ይጠፋል፣ ስለዚህ ጽሑፉ በተራ ነው የሚገባ። በዚህ ላይ ያልገባለት ሰው አርፎ አይጠብቅም። 100,000 ሰው አምስት አምስት ጊዜ ቢነካው 500,000 ጥያቄ ነው፤ መዘግየቱ መነካካትን ይወልዳል፣ መነካካቱ መዘግየትን። ጣና ላይ እምቦጭ ሲነቀል መልሶ ሲበዛ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም።

ቀላል የሚመስል ጉድለትም አለ። ሄልዳይቨርስ 2 እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሲወጣ ሠሪዎቹ ካሰቡት እጅግ የበለጠ ሰው መጣና በአንድ ጊዜ የሚገባውን በ450,000 ገደቡት፤ በዚያው ወር ወደ 700,000 ከፍ አደረጉት። መጀመሪያ ላይ ግን ሳይጫወት የተቀመጠን ሰው የሚያስወጣ ሰዓት አልነበረውም። አንዴ የገባ ሰው ቦታው እንዳይያዝበት ሳይዘጋው ወደ ሥራ ይሄዳል፣ ከውጭ ያለው ይጠብቃል። ጌም ቤት ውስጥ ተሸንፎ ወንበር የማይለቅ ልጅ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን «ሰው በዛብን» የሚል መልስ አይሸፍነውምና በግምገማችሁ ለይታችሁ ጻፉት።

«ለምን በቂ ሰርቨር አስቀድመው አያዘጋጁም?» ለሚለው ቁጥሩ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ስለሚወርድ ለጫፉ የሚገዛ የለም ነው አጭሩ መልስ። የሚፈተኑትም በማሽን ነው። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ከመውጣቱ በፊት በ200,000 ሰው ሠራሽ ተጠቃሚ ተፈትኖ ነበር፤ በወጣ ቀን ግን እውነተኛው ሰው ሲጎርፍ መረጃ የሚያቀብለው ጊዜያዊ ማከማቻ ተጨናንቆ አውሮፕላኑ ሳይነሳ የቀረበት ብዙ ነበር።

የገምጋሚዎች ወጥመድ የሚገኘውም ከዚሁ ጎን ነው። ገምጋሚ የጌሙን መክፈቻ ኮድ የሚያገኘው ጌሙ ሳይወጣ ነው፤ የሚጫወተውም ባዶ በሚባል ሰርቨር ላይ። የከተማ ግንባታ ጌሙ ሲምሲቲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ሲወጣ የሆነውን እዩ። ፖሊጎን የተባለው የጌም ድረ ገጽ አስቀድሞ ተጫውቶ 9.5 ሰጠው። ጌሙ ለብቻም ቢሆን ኦንላይን ካልተገናኘ አይከፈትም ነበርና ሕዝቡ ሲገባ ሰርቨሩ ተንኮታኮተ፤ የተገነቡ ከተሞች ጠፉ፣ ሠሪው ማክሲስ ጭነት ለመቀነስ ከጨዋታው ፍጥነቶች ፈጣኑን ሳይቀር አነሳ። ነጥቡ ወደ 8፣ ከዚያ ወደ 4 ወረደ፤ ሲረጋጋ 6.5 ሆነ። ብዙ ሰው የሚስቀው በ4ቱ ነው። እንደኔ ግን ስህተቱ 9.5 ነበር፦ ድልድዩን ሰው ሳይጫንበት አይቶ «ይሸከማል» ማለት። 4ቱ በዚያ ሳምንት ለገዛ ሰው እውነት ነበር። ለዚህም ማስረጃ አለ። ሠሪዎቹ ጌሙ ያለ ሰርቨር ስሌት አይቆምም ሲሉ ቆይተው፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ለብዙ ደቂቃ እንደሚሠራ በቀናት ውስጥ ታየ፤ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014፣ ራሳቸው ኦፍላይን መጫወቻ ጨመሩለት። ይቻል ነበር ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ፔይዴይ 3 በመስከረም 2023 ያንኑ ደገመው፤ ብቻውን ሊጫወት የመጣ ሰው እንኳ በተጫዋች ማገናኛው በኩል እንዲያልፍ ተገዶ ከደጅ ቀረ።

ይህን ሄሎ ማስተር ቺፍ ከተባለው የጌም ስብስብ ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ሲወጣ ተጫዋቾችን የሚያገናኘው ክፍል አልሠራ አለ፣ ታሪኮቹን ለብቻ መጫወት ግን ይቻል ነበር። እዚህ አንድ ነጥብ ለሁለት ዓይነት ገዢ አይበቃም፤ ለታሪኩ የሚገዛው ይገዛል፣ ለውጊያው የሚገዛው ይጠብቃል፣ ይህን በሁለት አረፍተ ነገር መጻፍ ከየትኛውም ቁጥር ይሻላል። ደግሞ «የመጀመሪያ ቀን ችግር» የሚለው ስም እንዳያታልላችሁ፤ የዚያ ጌም ትልቁ ጥገና የመጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ሠሪው በችግሩ መሐል ያደረገውም ይመዘናል። ፋይናል ፋንታሲ 14 በዚያ ወረፋ ጊዜ ለነባር ተጫዋቾች 21 ቀን ነፃ ጨመረ፣ ጌሙን መሸጥም እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 2022 አቆመ፤ በወቅቱ የቺፕ እጥረት ስለነበር ማሽን በፈለጉት ፍጥነት ማግኘት አልቻሉም። ማስገባት ያልቻለውን ሰው ገንዘብ መቀበል ካቆመ ድርጅት ላይ እጃችሁ ቢቀል አይከፋም። ሱቁን ከፍቶ በይቅርታ ጽሑፍ ብቻ የሚያልፈውን ግን አትማሩት።

አሠራሩን በተመለከተ የምመክራችሁ ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነጥብ አትስጡ፤ «አሁን አትግዙ» ወይም «ይገባል» የሚል አጭር ማሳሰቢያ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ አውጡ። በእነዚህ ቀናት ቢያንስ 20 የመግባት ሙከራ መዝግቡ፦ ሰዓቱ፣ የጠበቃችሁት ደቂቃ፣ የስህተት ቁጥሩ፣ በየትኛው መስመር እንደሞከራችሁ፣ ከገባችሁ በኋላ በሰዓት ስንት ጊዜ እንዳስወጣችሁ። ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብትሞክሩ አውሮፓ ገና ከእንቅልፉ አልተነሣም፣ ሰርቨሩ ባዶ ነው፤ እናንተም እንደ ፖሊጎን ትሳሳታላችሁ። ከምሽቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ሞክሩ፣ አንዱን ቀን ቅዳሜ አድርጉት። ነጥቡን ከ10ኛው ቀን በኋላ ስጡ። በ10ኛው ቀንም ከአምስት ሙከራ አንዱ የሚከሽፍ ከሆነ የመክፈቻ ግርግር ማለት ይብቃ፣ ጌሙ እንዲህ ነው።

መቀነሱ ላይ ሁሉም አንድ ዋጋ የለውም። ሃያ ደቂቃ ወረፋ መጠበቅ ያናድዳል እንጂ የተጫወቱትን አይነካም፤ በ10ኛው ቀን ከሌለ ምንም አልቀንስም። የተጫወታችሁት ሰዓት ከጠፋ፣ የገነባችሁት ከተረሳ፣ ያ ሌላ ነው፤ እንዲህ ያለ ጌም የቱንም ያህል ቢያምር ከ6 በላይ አልሰጠውም። ብቻ የሚጫወቱት ክፍል ያለ ሰርቨር የማይከፈት ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ እንደ ሰዓት ቢሠራም አንድ ነጥብ ቋሚ ቅናሽ አድርጉ፤ ምክንያቱንም ጻፉ። የዩቢሶፍቱ የመኪና ጌም ዘ ክሩ ሰርቨሩ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሲዘጋ ከ2014 ጀምሮ የገዙት ሰዎች ብቻቸውን እንኳ መንዳት አልቻሉም። በመጀመሪያው ቀን ሰርቨር ሲወድቅ ያያችሁት ያ ነው፣ አስቀድሞ።

ለባሕር ዳር አንባቢ ሌላ የሚጨመር አለ። ፍላይት ሲሙሌተር 2024 ምድሩን የሚያመጣው እየበረራችሁ ከሰርቨር ነው፤ ዝቅተኛው የተጻፈለት ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሲሆን የሚመከረው 50 ነው። 10 ሜጋቢት ሳይቋረጥ ከተጠቀመ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ነው። በዳታ ጥቅል ለሚጫወት ሰው ይህ ከግራፊክሱ ይበልጣል። እንደዚሁ 100 ጊጋባይት የሆነ ጌም በ10 ሜጋቢት ለማውረድ ከ22 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ከቆመበት ይቀጥላል ወይስ እንደ አዲስ ይጀምራል የሚለውን ሞክራችሁ ጻፉ። የውጭ ገምጋሚ ይህን አይጽፍላችሁም።

ገንዘብ ማስመለስም በሰዓት የተያዘ ነው። የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም የሚመልሰው በ14 ቀን ውስጥ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወተ ነው፤ ሰዓቱ የሚቆጥረው ደግሞ ጌሙ ክፍት የሆነበትን ጊዜ ሁሉ ነው፣ ወረፋ ላይ የቆማችሁበትን ጭምር። አንባቢዎቻችሁን «አልገባ ካለ ክፍት ትታችሁ አትተኙ» በሏቸው። በፕሌይስቴሽን ይብሳል፤ ጌሙ ራሱ ብልሽት ከሌለበት በቀር ማውረድ ከጀመሩ በኋላ የመመለስ መብቱ ያበቃል። በዘመድ ካርድ ወይም በጊፍት ካርድ ለሚገዛ ሰው ማሳሰቢያችሁ ከመግዛቱ በፊት ካልደረሰው ምንም አልሠራለትም። ነጥቡን አዘግዩ፣ ማሳሰቢያውን ግን በዚያው ሰዓት አውጡ የምለው ለዚህ ነው።

«ለሠሪዎቹ አይከፋም ወይ፣ እንጀራቸው ነው» የሚል ከመጣባችሁ እውነትነት አለው። የፎልአውት ኒው ቬጋስ ሠሪዎች የገምጋሚዎችን ነጥብ ሰብስቦ አማካዩን በሚያወጣው በሜታክሪቲክ 85 ቢያገኙ ሊከፈላቸው የነበረው ጉርሻ በ84 ቀርቶባቸዋል። ሜታክሪቲክ የመጀመሪያውን ነጥብ ይዞ ኋላ የተስተካከለውን ስለማይቀበል ትልልቆቹ ጋዜጦች መጠንቀቃቸው ይገባኛል። እናንተን ግን ሜታክሪቲክ አይቆጥራችሁም። በነፃነት ማስተካከል ትችላላችሁ፣ ዕዳችሁም ለገዢው ብቻ ነው።

አሁን ስለ 4ቱ። ጌሙ ለብቻ የሚጫወቱት ሆኖ ያላስገባችሁ ከነበረ፣ 4ቱን አትሰርዙት። ከሥሩ የተሰጠበትን ቀን ጻፉ፣ ከላዩ ደግሞ ከ10 ቀን ሙከራ በኋላ ያገኛችሁትን አዲስ ነጥብ አድርጉ፤ ቋሚ ቅናሿን አትርሱ። ከሰው ጋር ብቻ የሚጫወቱት ከሆነ 4ቱ ያለጊዜው ወጥቷል፤ «ነጥብ ለመስጠት ቸኩለናል» ብላችሁ አንሱትና የዚያን ሁለት ቀን መዝገብ በማሳሰቢያ መልክ አስቀሩት። በሁለቱም በኩል ግን በሁለተኛ መስመር ሳትሞክሩ የጻፋችሁት ከሆነ «ኢንተርኔታችሁን ነው» ያላችሁ ሰው የማይመለስ ጥያቄ ጠይቋችኋልና ይህንኑ አምናችሁ ጻፉለት። በሚቀጥለው ጌም ሆትስፖቱን ከጎናችሁ አድርጉ።